የቀድሞ ነጋዴዎች የሒሳብ ጽሑፍና የዛሬው ነጋዴ
ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ትምህርት

በንግድ ሥራ የሚኖር ሰው ሁሉ የሒሳብ መዝገብ መያዝ እንደሚገባው ያውቃል። ይሁን እንጂ ብዙው ሰው መዝገብን የሚመለከተው ለግብር ሰብሳቢው ወይም ለባንክ የሚቀርብ ግዴታ ብቻ አድርጎ ነው። መዝገቡ ከባለቤቱ ሞት በኋላም ለወራሽ ማስረጃ፣ ለሸሪክ ዳኛ፣ ለአገርም የታሪክ ምስክር ሆኖ እንደሚያገለግል የሚያስብ ጥቂት ነው። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ማለታቸው ይታወቃል። ነገር ግን የተጻፈ ሁሉ አልተወረሰም። ከተጻፈው ውስጥ አንዳንዱ ሁለት መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ሲቆይ፣ ሌላው ከጸሐፊው ጋር ወደ መቃብር ወርዷል። የዚህ ትምህርት ዓላማ ይህ ልዩነት ከምን እንደ መጣ በበጌምድር ምሳሌ መርምሮ፣ ለዛሬው ነጋዴ የሚጠቅመውን ማሳየት ነው።

1ኛ. የእስቴ አገርና የሲራራ መንገድ

መካነ ኢየሱስ ከደብረ ታቦር በስተደቡብ የምትገኝ የእስቴ ከተማ ናት። ስሟ ራሱ የደብር ስም መሆኑ አንድ ነገር ያስረዳል፤ ይኸውም በቀድሞው በጌምድር ብዙ ከተማና ብዙ ገበያ ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ መቆሙን ነው። ከእርሷ በስተሰሜን የምትገኘው ማኅደረ ማርያምም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀች የደብርና የገበያ ስፍራ ነበረች። ሕዝቡ ለበዓልና ለቅዳሴ በሚሰበሰብበት አጠገብ ገበያው ይቆማል፤ በገበያው ክርክር ሲነሣ ካህኑና ሽማግሌው ሩቅ አይደሉም።

በዚያ ዘመን ከምጽዋና ከዐድዋ ተነሥቶ ጎንደር የሚገባው ሲራራ ነጋዴ ጉዞውን ወደ ደቡብ ሲቀጥል በይፋግና በደሪጣ፣ ወይም በጣና ዳር በቆራጣ በኩል ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ወደ ጎጃሙ የባሶ ገበያ ይደርስ ነበር። ከባሶም ወዲያ የእናርያ መንገድ አለ። ከሰሜን የሚመጣው አሞሌ ጨውና የባሕር ማዶ ጨርቅ ሲሆን፣ ከደቡብ የሚመለሰው ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ነበር። የዚህ ንግድ ሒሳብ ቀላል አልነበረም። አንድ ጉዞ ወራት ይፈጃል፤ በየኬላው ቀረጥ ይከፈላል፤ አጋሰስ በመንገድ ይሞታል፤ ዕቃው በከፊል በዱቤ ይሰጣል። ይህን ሁሉ ብዙው ነጋዴ የሚይዘው በቃሉ፣ በዋሱና በምስክሩ ነበር። ስለዚህ የሲራራ ነጋዴዎች የዕለት መዝገብ በብዛት ተከማችቶ እንዲገኝ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ሆኖም ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉን የሚናገር ብዙ ጽሑፍ ባልታሰበ ስፍራ ተቀምጦ ይገኛል።

2ኛ. በወንጌል ኅዳግ የተጻፈ ውል

ያልታሰበው ስፍራ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ነው። በኢትዮጵያ የርስትና የጉልት ስጦታን በወንጌል ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ መጻፍ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚታይ ልማድ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይም ከእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ወዲህ፣ በጎንደርና በአካባቢው ይህ ልማድ ሰፍቶ ከመንግሥት ስጦታ አልፎ የግል ሰዎች የመሬት ሽያጭ፣ ኑዛዜና የክርክር ፍርድ ጭምር ይጻፍ ጀመር። ዋጋው አንዳንዱ በወርቅ ወቄት፣ አንዳንዱ በአሞሌ፣ በኋላም በብር ተመልክቷል።

እነዚህን ጽሑፎች በሰፊው ካጠኑት ሊቃውንት አንዱ ፕሮፌሰር ዶናልድ ክራሚ ናቸው። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት በየአብያተ ክርስቲያናቱ የሚገኙ እንዲህ ያሉ ጽሑፎች በፊልም እንዲነሡ ተደርጓል። ክራሚም የጥናታቸውን ፍሬ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. በታተመ መጽሐፋቸው አቅርበዋል። ከዚያ በፊት ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1750ዎቹ እስከ 1850ዎቹ የበጌምድር ሴቶች ንብረት በመያዝና በፍርድ በመከራከር የነበራቸውን ድርሻ ከእነዚሁ ጽሑፎች አውጥተው አሳይተዋል። ኅዳግ ላይ የተጻፈችው አንዲት አጭር ውል ባትኖር ኖሮ፣ የእነዚያን ባለንብረት ሴቶች ሥራ ዛሬ የሚያውቅ ሰው አይኖርም ነበር።

ነጋዴ የሆነ ሰው የውሎቹን አሠራር ልብ ብሎ ሊያያቸው ይገባል። በመጀመሪያ ዘመኑና በሥልጣን ላይ ያሉት ሰዎች ስም ይጠቀሳል። ቀጥሎ ሻጭና ገዢ፣ የተሸጠው ነገርና ዋጋው ይነገራል። ከዚያም ዋሱና እማኞቹ በስም ይዘረዘራሉ። ብዙ ጊዜም በመጨረሻ ውሉን የሚያፈርስ ሰው የተገዘተ እንዲሆን የሚያስር ቃል ይጨመራል። ዛሬ በውል አስመዝጋቢ ጽሕፈት ቤት የሚፈለገው ነገር ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። ልዩነቱ የቀድሞዎቹ ማኅተም ግዝት፣ ካዝናቸውም ዕቃ ቤት መሆኑ ነው።

3ኛ. አሮጌ ሒሳብ እንዴት ይነበባል

በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በቤተሰብ ሣጥን የተገኘ አሮጌ ሒሳብ ለማንበብ የሚሞክር ሰው በአራት ነገሮች እንዳይሳሳት መጠንቀቅ አለበት።

ሀ) ቁጥር። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። ስለዚህ በዛሬው አጻጻፍ 340 የሚባለው ፫፻፵ ተብሎ ይጻፋል፤ አሃዱ፣ ዐሥሩና መቶው በየዐምዳቸው ተሰልፈው አይወርዱም። እንዲህ ያለው ሒሳብ ለመደመር አይመችም። ደግሞም ፮ እና ፯ በተጣደፈ እጅ ሲጻፉ ስለሚመሳሰሉ፣ አንባቢው ዝርዝሩን ራሱ ደምሮ ከተጻፈው ድምር ጋር ማመሳከር ይኖርበታል።

ለ) ዘመን። ብዙ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረቱን ሳይጠቅስ «በዘመነ ማርቆስ» ወይም «በዘመነ ሉቃስ» ብሎ ያልፋል። ወንጌላውያኑ በየአራት ዓመቱ ስለሚመላለሱ ይህ ብቻውን አይበቃም። ዘመኑን ለማግኘት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ይካፈላል፤ ቀሪው 1 ቢሆን ማቴዎስ፣ 2 ቢሆን ማርቆስ፣ 3 ቢሆን ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ቢካፈል ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ ዳግማዊ ኢያሱ ከ1723 እስከ 1747 ዓ.ም. ነገሡ። በእርሳቸው ዘመን ማርቆስ የዋለባቸው ዓመታት 1726፣ 1730፣ 1734፣ 1738፣ 1742 እና 1746 ሲሆኑ ስድስት ናቸው። ከስድስቱ የትኛው እንደሆነ የሚለየው በጽሑፉ በተጠቀሱት የሹማምንትና የአለቆች ስም ነው። ከውጭ አገር ነጋዴ ጋር የተጻፈ ደብዳቤ ከሆነ የአውሮፓው አቈጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይበልጣል። የሙስሊም ነጋዴዎች የሂጅራ ዓመት ደግሞ 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ 33 የሂጅራ ዓመት ወደ 32 የፀሐይ ዓመት ይጠጋል። ይህን ያላወቀ ሰው የዱቤውን ቀነ ገደብ ያዛባል።

ሐ) ገንዘብ። አሞሌ ከአፋር የጨው ሜዳ የሚቈረጥ ስለሆነ ከመቈረጫው በራቀ ቁጥር እየተወደደ ይሄድ ነበር። በአንድ ብር በትግራይ የሚገዛው አሞሌ ብዙ፣ በእናርያ የሚገዛው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ «ዐሥር አሞሌ» የሚል ቃል የገበያው ስፍራ ካልታወቀ ዋጋው አይታወቅም። የማርያ ቴሬዛ ብር በማንኛውም ዓመት ቢቀረጽ 1780 የሚል የአውሮፓ ዘመን ተጽፎበት የሚወጣ፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን የብር ገንዘብ ነው። በላዩ ያለው ዘመን የተሠራበትን ጊዜ ስለማያሳይ ሒሳቡን ለመዘመን አይረዳም። የ1920ዎቹና የ1930ዎቹ ዓመተ ምሕረት የቤተሰብ መዝገብ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በብር የተጀመረው ሒሳብ ከ1928 ዓ.ም. በኋላ በጣልያን ሊሬ፣ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ በምሥራቅ አፍሪቃ ሽልንግ፣ ከ1937 ዓ.ም. ወዲህ በአዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ይቀጥላል። በዐሥር ዓመት ውስጥ አራት ገንዘብ ያየ ነጋዴ መዝገቡን እንደ አንድ ገንዘብ ቈጥሮ የሚደምር ሰው ያላገኘውን ትርፍ ወይም ያልደረሰበትን ኪሣራ ያገኛል።

መ) መስፈሪያ። ቁና፣ እንቅብና ዳውላ የእህል፣ ወቄትና ነጥር የውድ ዕቃ፣ ፈረሱላ የቡናና የመሳሰለው ሸቀጥ መለኪያዎች ነበሩ። የአንዱ አገር ዳውላ ከሌላው አገር፣ የአንዱ ሸቀጥ ፈረሱላም ከሌላው ሸቀጥ እኩል ያልሆነበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አሮጌውን መስፈሪያ ወደ ኪሎግራም ከመለወጥ በፊት የገበያውንና የዕቃውን ስም አጠገቡ መጻፍ ይገባል።

4ኛ. የጠፋውና የተረፈው

የበጌምድር ጽሑፍ ሁሉ አልተረፈም። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ሲዘርፉና ሲያቃጥሉ ከየአድባራቱ የወጣው መጽሐፍ ወደ ደብረ ታቦር፣ በኋላም ወደ መቅደላ ተጋዘ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ስትያዝ ከ350 የማያንስ መጽሐፍ ወደ ሎንዶን ተወስዷል ተብሎ ይገመታል። ከእነርሱ በአንዳንዶቹ ኅዳግ የጎንደር የመሬት ውሎች ስለሚገኙ፣ የአገሩ ሰው የአያቱን ውል ለማየት እስከ ብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ግድ ሆኖበታል። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሽ ጎንደር ገብቶ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን ከነመጽሐፋቸው አቃጠለ።

ይህ ሁሉ ቢደርስም ብዙ ጽሑፍ ተርፏል። የተረፈበትም ምክንያት ብራናው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ውሉ የተጻፈው የሻጭም፣ የገዢም፣ የዋሱም፣ የእማኞቹም፣ የደብሩም ጥቅም ባለበት መጽሐፍ ላይ ነው። አንዱ ሊያጠፋው ቢፈልግ ሌሎቹ አይፈቅዱለትም። ካህናቱም ወንጌሉን ለራሱ ለወንጌሉ ሲሉ ይጠብቁታል፤ ውሉም ከእርሱ ጋር ተጠብቆ ይኖራል።

በአንድ ሰው እጅ ብቻ ያለ ጽሑፍ ምን እንደሚደርስበት የሚያሳይ ታሪክ በዚያው በ1880 ዓ.ም. ተጽፎ ይገኛል። የፈረንሳይ ባለቅኔ የነበረው አርቱር ራምቦ ቅኔውን ትቶ በሐረርና በሸዋ በንግድ ይኖር ነበር። ፒየር ላባቱ ከሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ተሻርኮ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ለማቅረብ ሲነሣ ላባቱ ሞተ፤ ራምቦም የነጋዴውን ዕዳ ከሚጠይቁ ሰዎች ጋር በሸዋ ብዙ ክርክር ገጠመው። ራምቦ ለፈረንሳይ ምክትል ቆንስል ከዔደን በጻፈው ደብዳቤ እንደሚናገረው፣ ከላባቱ ሚስት ቤት የሟቹን ትዝታ የያዙ 34 ደብተሮች አግኝቶ፣ ሴቲቱ እየረገመችው ሁሉንም አቃጠላቸው። በኋላ ግን በደብተሮቹ መካከል የንብረት ማስረጃዎች ገብተው እንደነበረ ተነገረው። ላባቱ ንብረቱን ጽፏል፤ ነገር ግን ምስክር በሌለበት፣ ቅጂ በሌለው፣ ከሌላ ነገር ጋር በተደባለቀ ደብተር ስለጻፈው፣ የአንድ ሰው ንዴት ለሚስቱ ሊቀር የሚችለውን ማስረጃ በአንድ ቀን አመድ አደረገው።

5ኛ. የሌሎች አገሮች ምሳሌ

ጽሑፍ ብዙ ሰው ወይም አንድ ማኅበር ሲጠብቀው እንደሚኖር የውጭውም ዓለም ይመሰክራል። በግብፅ በፉስጣጥ ከተማ በነበረው የቤን ዕዝራ ምኩራብ፣ የአምላክ ስም የተጻፈበት ወረቀት እንዳይጣል ተብሎ በአንድ ክፍል ይከማች ነበር። ነጋዴዎችም በደብዳቤያቸውና በሒሳባቸው ላይ የአምላክን ስም ስለሚጠሩ የንግድ ጽሑፋቸው አብሮ ተከማቸ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ክፍሉ ተከፍቶ ጽሑፉ ሲመረመር ከ11ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን በዔደን በኩል ከህንድ ጋር የሚነግዱ ሰዎች ደብዳቤ ተገኘ፤ በቀይ ባሕር ያለችው የዳህላክ ደሴት ስምም በውስጡ ተጠቅሷል።

በኢጣልያ በፕራቶ ከተማ ፍራንቼስኮ ዳቲኒ የሚባል ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1410 ሲሞት ሀብቱን ለድሆች መርጃ ማኅበር ተናዘዘ። ማኅበሩ ቤቱን ስለጠበቀ እ.ኤ.አ. በ1870 ከ500 በላይ የሒሳብ መዝገቦችና ወደ 150,000 የሚሆኑ ደብዳቤዎች ከተጣሉበት ተገኙ። ዛሬ የመካከለኛውን ዘመን ንግድ ለማጥናት ከሁሉ የበለጠ መሠረት ከሚሆኑት አንዱ ይህ የአንድ ነጋዴ ወረቀት ነው።

በኢትዮጵያም ቢሆን ወንጌል ብቻ አይደለም ጽሑፍ የጠበቀ። በሐረር የአሚሮቹ መንግሥት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዐረብኛ ያስጻፋቸው የፍርድና የገንዘብ መዝገቦች በከፊል ተርፈው ተመራማሪዎች የከተማዪቱን የንግድ ኑሮ አጥንተውባቸዋል።

6ኛ. ለዛሬው ነጋዴ የሚገባ ሥራ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ንግድ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አስገድዷል። የነጋዴዎችን ጉዳይ የሚመለከተውን ክፍል የተካው የ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1243ም ግዴታውን አጽንቶታል። ነገር ግን ሕጉ የሚጠይቀው የማቆያ ዘመን ሲያልፍ መዝገቡ ለማንደጃ ወይም ለዕቃ መጠቅለያ ይሰጣል። የመካነ ኢየሱስም ሆነ የነፋስ መውጫ ባለሱቅ የአባቱን የዱቤ ደብተር ሲጥል፣ በዚያ ዓመት ጨው፣ ስኳርና አቡጀዲ በስንት እንደተሸጠ፣ በየትኛው ወር ገበሬው ዱቤ እንደጠየቀና በየትኛው ወር እንደከፈለ የሚናገረውን ብቸኛ ምስክር ይጥላል። እንዲህ ያለውን ነገር ከዋና ከተማው ቢሮ የሚያገኘው የለም።

ስለዚህ ቀጥሎ የተዘረዘረውን መፈጸም ይጠቅማል።

1. በእያንዳንዱ መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ የባለቤቱ ስም፣ የሱቁ ስፍራ፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን፣ የገንዘቡና የመስፈሪያው ዓይነት ይጻፍ። ለጸሐፊው ግልጽ የሆነው አሕጽሮት ለልጁ ግልጽ አይሆንም፤ ስለዚህ ትርጉሙ አብሮ ይሰፍር።

2. ዕዳና ሽርክና በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ እማኞች ይፈርሙበት፤ ቅጂዎቹም በአንድ ቤት አይቀመጡ።

3. ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚወጣው ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ በፀሐይና በሙቀት ጽሑፉ ይደበዝዛል። ብራናው ሁለት መቶ ዓመት ሲያነበብ ይህ ወረቀት በጥቂት ዓመት ባዶ ሊሆን ይችላል። ትልቅ ግዢ የተፈጸመበት ደረሰኝ በቶሎ ፎቶ ኮፒ ይነሣ። በኮምፒዩተር የተያዘ ሒሳብም በዓመቱ መጨረሻ በወረቀት ታትሞ ይጠረዝ።

4. አሮጌ መዝገብ ከምድጃ ጢስ፣ ከእርጥበትና ከምስጥ ርቆ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። የተቀደደው ገጽ በፕላስተር አይለጠፍ፤ ሙጫው ወረቀቱን ያበላሻልና። ማብራሪያ መጨመር ቢያስፈልግ በእርሳስ ይሁን።

5. ማቆየት ያልቻለ ቤተሰብ መዝገቡን ከመጣሉ በፊት ጥበቃውን ሥራቸው ላደረጉ ተቋሞች ያማክር። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመውና ሕዝቡ ወመዘክር እያለ የሚጠራው የአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ እንዲሁም በአቅራቢያው ያሉት የጎንደርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠየቁ ናቸው። ዋናውን መስጠት የማይፈልግ ሰው ገጹን በሙሉ ፎቶግራፍ አንሥቶ ቅጂውን ሊሰጥ ይችላል።

6. በዱቤ መዝገብ ውስጥ የደንበኞች ስምና ዕዳ ይገኛል። መዝገቡን የሚሰጥ ሰው ለምን ያህል ዓመት ተዘግቶ እንዲቆይ በጽሑፍ ይወስን። የደንበኛን ምስጢር መጠበቅ ከንግድ ክብር አንዱ ስለሆነ ይህ ጥንቃቄ መዝገቡን ለማቃጠል ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ከላይ የተነገረው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይሰበሰባል። መዝገብን ለትውልድ የሚያደርሰው የጸሐፊው ብልኅነት ወይም የወረቀቱ ውድነት ብቻ አይደለም፤ ከባለቤቱ ሌላ የሚጠብቀው ወገን ማግኘቱ ነው። የበጌምድር ሰው ውሉን በወንጌል ሲያጽፍ ይህን አውቆ አደረገው። የዛሬው ነጋዴ ከዚያ የበለጠ ወረቀት፣ የበለጠ ማሽንና የበለጠ ሕግ አለው፤ የሚቀረው ለመዝገቡ ጠባቂ መፈለግ ነው። ይህንም ሥራ ሱቁ ሳይዘጋ፣ ሽማግሌው የደብተሩን አሕጽሮት ለልጁ ሊፈታለት በሚችልበት ጊዜ መጀመር ይገባል።